የእህቴ አማቾች

እህቴ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ክፍል ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ የራሷን ኮምፒውተር ትከፍትና፣ በአካል አይታቸው ለማታውቅ፣ በየአገሩ ለተበተኑ ሰዎች በነጻ ትሠራለች። እንደ ምራት ስለምታገለግላቸው፣ እኛ ቤት እነዚህን ሰዎች «አማቾችሽ» እንላቸዋለን። «አማቾችሽ ደህና ናቸው?» እላታለሁ። «ደህና ናቸው ወንድምጋሼ፤ ዛሬም ተጣልተዋል» ትለኛለች። ያኔ ቀልድ ነበር። አሁን ስማቸው ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ነገሩ የማውቀው እሷ ያስረዳችኝን ያህል ነው። ፕሮግራም የሚጻፍበት፣ ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ አለ። ባለቤት የለውም፤ ፈቃደኞች ተባብረው ይሠሩታል፣ ከመካከላቸውም ጉባኤ መርጠው ይተዳደራሉ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሲሳሳት ማሽኑ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ይህን አስተካክል» የሚል መልእክት ያወጣል። መልእክቱ ድሮ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ነበር። እህቴ ቁጭ ብላ ሁሉንም ወደ እኛ ቋንቋ ተረጎመችው፤ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥርም እየተከታተለች ለዓመታት አቆየችው። ምክንያቷ አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ማሠልጠኛ ለሴቶች ፕሮግራም አጻጻፍ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ልብስ ሰፊዎች፣ ገንዘብ ተቀባዮች፣ ልጅ ወልደው ትምህርት ያቋረጡ ናቸው። «ስህተታቸውን ራሳቸው አንብበው ራሳቸው ካላስተካከሉ፣ እድሜ ልካቸውን እኔን ሲጠብቁ ይኖራሉ» ትላለች።

በዚህ መሐል እናታችን ታማ ሆስፒታል ገባች። ቀዶ ጥገናው ከባድ ነበር፤ እህቴ ከአጠገቧ አልተለየችም፣ ኮምፒውተሩም ተዘግቶ ሰነበተ። ይሄኔ የጉባኤው ሰብሳቢ በመወያያ ገጻቸው ላይ አንድ ሐሳብ ለጠፈ። ከዋናው ቋንቋ ውጪ ያሉት መልእክቶች ለጥገና ሸክም ስለሆኑ ከሚቀጥለው እትም ይውጡ የሚል። ደንባቸው ደግሞ ለጉድ ነው፤ ሐሳብ ይለጠፋል፣ ሳምንት ይጠበቃል፣ ያልተቃወመ ሁሉ እንደ ደገፈ ይቆጠራል። እስቲ ፍረዱኝ! እናቷን ከጎን ወደ ጎን የምታገላብጥ ሴት በምን እጇ ትቃወም? ወደ ቤት ስትመለስ የጠበቃት «በሙሉ ስምምነት ጸድቋል» የሚል ጽሑፍ ነው። ከሥሩ የተስማሙት ስም ተደርድሯል። የእሷም ስም አለበት።

እህቴ ጨዋ ናት፤ ጨዋነቷ አንዳንዴ ያናድደኛል። «እናቴን እያስታመምኩ ስለነበር ነው ያልመለስኩት። አልተስማማሁም፤ እባካችሁ እንደገና ይታይልኝ» ብላ ጻፈች። ሥርዓት አስከባሪ የሚሉት ሰውዬ ጽሑፏን ከገጹ አጠፋው። ለምን? አጻጻፏ ቁጣ ይነበብበታል! እባካችሁ ብላ የለመነች ሴት ተቆጣች ከተባለ፣ እኔ ብጽፍ ፖሊስ ሊጠሩ ነው ማለት ነው። ደግማ ይግባኝ የሚባለው ለማን እንደሆነ ጠየቀች። ለማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለዚያው ለሰብሳቢው።

በመጨረሻ በቪዲዮ ስብሰባ ሊሰሟት ፈቀዱ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ እኔ ከኋላዋ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ስለ አሠራር አወራ፤ ያ አሠራር እንዴት እንደ ተሠራም አወራ፤ ተራዋ ሲደርስ ሰዓቱ አለቀ ተባለ። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ሰው ሲናቅ ግን አይቼ አውቃለሁ። ብድግ ብዬ ካሜራው ፊት ተደቀንኩ።

«እናንተ ሰዎች ትንሽ አታፍሩም? እናቷ አልጋ ላይ ወድቃ ሳለ በስሟ ፈረማችሁ! ሌቦች ናችሁ፣ ሌቦች!»

ሰብሳቢው ምን እንዳልኩ ጠየቃት። እኔ እንደ ልማዷ ታለዝብልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ፣ ቃል ሳታስቀር ሁሉንም ተረጎመችለት። ሌቦች የሚለውን ሁለት ጊዜ ስላልኩት ሁለት ጊዜ አለችው።

በማግስቱ «ለማኅበረሰቡ ደኅንነት ሲባል» አገዷት። የዓመታት ሥራዋንም ከቋንቋው አወጡት። የምስጋና መግለጫም ጽፈውላታል፣ ፊታቸውን ያጥፋውና!

ማሠልጠኛው ውስጥ አዲሱ እትም ወዲያው ተጫነ። እህቴ የድሮውን ልመልስ ብትል ኃላፊው ለደኅንነት ያሰጋል ብሎ ከለከላት። በመጀመሪያው ቅዳሜ የተቃጠለ ሶኬት ልቀይር አብሬያት ሄድኩ። ትምህርቱ እንደ ተጀመረ ከየወንበሩ እጅ ይወጣ ጀመር። «መምህርት፣ ምን እያለኝ ነው?» ይላሉ። እህቴ ከወንበር ወንበር እየሮጠች በቃሏ ትተረጉማለች፤ ለአንዷ ነግራ ሳትጨርስ ሌሎቹ ይጠሯታል። ከኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እህቴ «ከሁሉም ጎበዝ» እያለች ቤት ውስጥ የምታወራላት። እጇን አውጥታ ብዙ ጠበቀች። ሲዝልባት በሌላው እጇ ደገፈችው። ከዚያ አወረደችውና ቦርሳዋን አንስታ፣ ማንንም ሳትረብሽ ወጣች።

እህቴ በሩ ሲዘጋ ሰምታ ዞረች። «ቆዪ፣ መጣሁልሽ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ብቻዋን ተመለሰች። እኔ ጥግ ላይ ሽቦ ይዤ ተንበርክኬያለሁ፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ወንድምጋሼ» አለችኝ፣ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ። «ያን ቀን ሌቦች ብቻ ነው ያልካቸው። አንሷቸዋል።»