ገና በሃያ ስምንት

በገና ዕለት የጾም ሽሮ በላሁ። ያውም በጋምቤላ ሰፈራችን የበዓላትን አመጣጥ ስተነትን ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ጡረተኛ መምህር፣ እኔ!

ባለቤቴ ልጃችንን ልትጠይቅ መቲ ሄዳለች፤ እሷ ብትኖር ይህ ጉድ አይመጣም ነበር። ሌሊት ደወል ስሰማ "ሃያ ስምንት አይደል፣ ወርኃዊው አማኑኤል ነው" ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ጠዋት ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። የኢታንግ መስመር ሾፌር ነበር፤ አሁን እሱም እንደኔ ጡረታ ወጥቷል።

"መምህር፣ እንኳን አደረሰዎ!"

"ገና ነገ ነው፤ በሃያ ዘጠኝ" አልኩት። "እናንተ ጴንጤዎች ስለማትጾሙ ትቸኩላላችሁ።"

ሳቅ ብሎ ሄደ።

ቅናቴን ልናዘዝ። ድሮ በበዓል ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ እኔ ግቢ ይመጣና በዓሉ ከየት እንደመጣ እተርክለት ነበር። ይህ ሾፌር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ወንበሩ ሁሉ ወደ እሱ ማንጎ ሥር ይሄዳል። "ጥላው ሰፊ ስለሆነ ነው" እላለሁ ለራሴ። የኔ የኒም ዛፍ ከሱ ማንጎ በምን ያንሳል? በቅጠል አያንስም፤ በባለቤቱ እንጂ።

የጾም ሽሮዬን ስበላ የሥጋው ሽታ በአጥሩ በኩል መጣ፤ ሳቁም ተከተለው። አላስቻለኝም። ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። ሾፌሩ፣ እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ፣ በያዙት ዱላ ገና እንደተጫወቱ እየተረከ ነው። ታሪኩን ከኔ ነው የሰማው! እኔ ስናገር ያዛጉ የነበሩት ሁሉ፣ እሱ ጥሬ ማንጎ መሬት አስቀምጦ በዱላ ሲለጋ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። በሠላሳ ዓመት አንዲት ማንጎ መለጋት እንዴት አልመጣልኝም?

"ታሪኩ ደህና ነው፤ ቀኑ ግን ነገ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጎረቤታችን አፏን ይዛ፣ "ውይ መምህር! ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው!" አለች።

ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች፣ በሚቀጥለው ዓመት ገና አንድ ቀን ቀድሞ በሃያ ስምንት ይውላል። ይህንን ለሰፈሩ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

ሾፌሩ ፊቴን አየና "ዝም በሉ፣ መምህር እየፈተኑን ነው!" አለ። "እኔ ልመልስ። ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ነው። ልክ ነኝ መምህር?"

እኔም ሳላፍር "ጎበዝ፣ ልክ ነህ" አልኩት። ከሁሉ የባሰ የቀናሁት ያኔ ነው። ተረቱንስ ከኔ ወሰደው፤ ይህን ደግነት ግን ከየት አመጣው?

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ይቀመጡ እንጂ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሥጋው ቀረበ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ይኸው ሳምንት ሆነው። በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ ሰላም ይለኛል። ለዚያን ዕለቱ "እንኳን አደረሰዎ" ግን "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብዬ እስካሁን አልመለስኩለትም።