ደምሴ መጀመሪያ ይወርዳል

አርብ ማለዳ፣ አዲሱ ገበያ

አዲሱ ገበያ ገና በደንብ አልነቃም። የታክሲ ረዳቶች የጃኬታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ስበው ቆመዋል፤ የእንጦጦ ብርድ ቁልቁል ይወርዳል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ያራግፋል። የእኛ ሚኒባስ ከጋሽ ጀማል ሱቅ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ሽመልስ ድራሙን ጣሪያው ላይ በገመድ ያስራል።

የምንሄደው ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ ነው፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች የወጣትነት ዘፈኖቻቸውን ሊጫወቱ፣ እኔ አባቴን ልጠብቅ። ጋሽ ጀማል ቤዝ ጊታር ይዘው ይዘፍናሉ። ጋሽ አሰግድ ድራም ይመታሉ። አባቴ ሙሉጌታ ኦርጋን ይጫወታል። ሙዚቃቸውን ዛሬ ወጣቶቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይሉታል፤ እነሱ ግን «ረጅሙ» ብቻ ነው የሚሉት። ግጥሙ አራት ስንኝ፣ ሙዚቃው ማለቂያ የለውም።

«ያኔ ሰው አንዱን ዘፈን ሳንጨርስ ቢራ አዝዞ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ይቀመጥ ነበር» ይላሉ ጋሽ አሰግድ።

«አንተ ስትመታ ነው የተጣላው» ይሏቸዋል ጋሽ ጀማል።

አባቴ አልሳቀም። ከበሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ ነው። ያ ወንበር የጊታር ተጫዋቹ የጋሽ ደምሴ ነበር። ቤታቸው ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ ለጉዞ ሲወጡ መጨረሻ ተይዘው ሲመለሱ መጀመሪያ ይወርዳሉ። «ሚስቱ በር ሳትቆልፍበት እናድርሰው» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

«ደምሴስ?» አለ አባቴ። «ጥለነው ልንሄድ ነው?»

ጋሽ ደምሴ አምና አርፈዋል። አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት። ጣቶቹ ከድሮ ዘፈኖቹ አንዱን ድምፅ እንኳ አይስቱም፤ የጓደኛውን ሞት ግን መያዝ አልቻለም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤት ቀርታለች፤ ይህን የመናገር ሥራ የእኔ ሆኗል። ሰው ፊት ማውራት ይከብደኛል። ግን ለታመመ ሰው መዋሸትን እንደ ንቀት ነው የምቆጥረው።

«አባዬ፣ ጋሽ ደምሴ አርፈዋል እኮ።»

«መቼ?»

«አምና።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ለቅሶ ደርሻለሁ?»

«ደርሰሃል። ከድንኳኑ አልወጣህም።»

«ቀብሩስ?»

«ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ።»

«እንኳን» አለና አለቀሰ። ለእኛ ያረጀ ነገር ነው፤ ለእሱ ግን መርዶው አሁን ነው የደረሰው። ቃሊቲ እስክንደርስ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ከዚያ ባርኔጣውን አጠለቀና «ቁርስ የት ነው የምንበላው?» ሲል ጠየቀ።

አርብ ከሰዓት፣ አዳማ

ሙቀቱ ከሚኒባሱ ስንወርድ ነው የተቀበለን። ባጃጆች፣ አቧራ፣ በረዶ ውስጥ የተነከረ አምቦ ውሃ። የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ከዛፎቹ ስር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። አብዛኛው ተመልካች ሸምግሏል፤ ከኋላ ግን ስልካቸውን የደገኑ ወጣቶችም አሉ።

ከዘፈኖቻቸው ሁሉ የሚጠበቀው «ዳገት» የሚባለው ነው። መሀሉ ላይ ጋሽ ደምሴ ለብቻቸው ጊታር የሚጫወቱበት ረጅም ቦታ አለ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቡድኑ ሌላ ሰው አልቀጠረም። መድረኩ ላይ ባዶ ወንበር ያስቀምጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ሦስቱ አጃቢውን ብቻ ይጫወታሉ፤ ጊታሩ የነበረበት ቦታ ባዶውን ይሰማል። ይህን ሐሳብ ያመጣው አባቴ ነበር፤ በተዝካሩ ማግስት፣ ገና እንዲህ ሳይብስበት።

ዛሬም እንደዚያው ተጫወቱ። ሕዝቡ ዝም ብሎ ሰማ። አንዲት ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ዘፈኑ እንዳለቀ ግን አባቴ ወደ ባዶው ወንበር ዞረና ማይክራፎኑ አፉ ስር መሆኑን ሳያስተውል፣

«አሴ፣ ደምሴ የት ሄዶ ነው? እኛ ብቻችንን እኮ ነው የተጫወትነው» አለ።

ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ አባቴም ግራ ገብቶት አብሮ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ማየት አልቻልኩም። ከመድረኩ ጀርባ ወስጄ ነገርኩት። ለቅሶ መድረሱን፣ ቀብሩን፣ ሳጥኑን፣ ሁሉንም እንደገና ጠየቀኝ።

ቅዳሜ፣ ዝዋይ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈናል። መቂ ላይ የቲማቲም ሳጥን ከመንገዱ ዳር እንደ ግንብ ተከምሯል። ጋሽ ጀማል ሐብሐብ ተከራክረው ገዙ፤ ሻጯ «አባባ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት መሰለኝ» ስትላቸው ደስ አላቸው። ጋሽ አሰግድ በየመቶ ሜትሩ ሽንት ቤት ስለሚፈልጉ ሽመልስ ሁለት ጊዜ ሳይጠየቅ ቆሞላቸዋል።

ዝዋይ ላይ አሳ ጥብስ በላን። አባቴ እጁን ሊታጠብ ከሽመልስ ጋር ሲነሳ ጋሽ አሰግድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንን ባዶ ቦታ እናውጣው። ወንበሩም ይቅር። ካላየው አይጠይቅም።»

«ራሱ ሙሌ ነው እንዲህ ይሁን ያለው» አሉ ጋሽ ጀማል። «የሰውዬውን ቃል ቆርጠህ ልትጥል ነው?»

«ሰው ሲስቅበት ዝም ልበል?»

ጋሽ ጀማል የአሳውን አጥንት ሳህኑ ዳር ላይ ሲደረድሩ ቆዩ። «እሷ ትናገር። አባትዋ ነው።»

የአዳማው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «ይቅር» አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐዋሳ

ሐይቁ ብርማ ሆኖ ተኝቷል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን ይንጎራደዳሉ። ከዝግጅቱ በፊት ተለማመዱ። ጋሽ አሰግድ የድራሙን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ሲመቱ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ስንኝ መዝለል ነው።

«ገባህ ሙሌ?»

«አሴ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለ አባቴ። በልምምዱም በትክክል ዘለለ።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ «ዳገት»ን ጀመሩ። ጋሽ አሰግድ ጠርዙን ሁለቴ መቱ። ጋሽ ጀማል መዝፈን ጀመሩ። የአባቴ ጣቶች ግን አልዘለሉም። ለጊታር ቦታ እየለቀቁ፣ ቀስ እያሉ፣ በነበሩበት ቀጠሉ። ዘፈኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጋሽ ጀማል አንድ ስንኝ ታገሉና ዝም አሉ፤ ድራሙም ቆመ። አባቴ ብቻውን ቀረ። ከፊት ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ «ጠፋበት» ሲል ሰማሁት።

አልጠፋበትም። እየተጫወተ አንገቱን ወደ ቀኝ ዞር አደረገ፤ ወንበሩ ወደነበረበት። ወንበር የለም። መሬቱን አየ፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ጨለማ አየ፤ እጆቹ መሥራታቸውን ሳያቆሙ ዓይኖቹ ይፈልጋሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፍለጋ አላየሁም።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የተቀመጥኩበትን የፕላስቲክ ወንበር ይዤ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ወንበሩን ቦታው ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

አባቴ ወንበሩን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «በል ቀጥል» እንደማለት። መጀመሪያ ጋሽ አሰግድ በጣም ቀስ ብለው ገቡ፣ ከዚያ የጋሽ ጀማል ቤዝ። ባዶውን ቦታ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከመድረክ ስንወርድ አባቴ ላቡን እየጠረገ ክንዴን ያዘ። «ደምሴ ዛሬ ምን በላ? እንዲህ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም።»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ጋሽ ጀማል አዩኝ። «ቆንጆ ነበር አባዬ» አልኩት።

እሁድ ከሰዓት፣ ቀጨኔ

ስንመለስ ዝናብ ነው። አባቴ ደብረ ዘይትን እስክናልፍ ተኝቶ መጣ። የሚያዋጣው በፒያሳ አልፈን በቀጥታ ወደ ጳውሎስ፣ ወደ ቤታችን መሄድ ነበር። ፒያሳ ስንደርስ ግን ነቃ።

«ሽመልስ፣ መጀመሪያ ደምሴን።»

ሽመልስ በመስታወቱ ወደ እኔ ተመለከተ። ጋሽ አሰግድና ጋሽ ጀማልም ዞሩ። ሁሉም እንደ አርብ ማለዳው እኔን ጠበቁ። አርብ የነገርኩትን ነገር፣ አዳማ ላይ የነገርኩትን ነገር አሁንም መንገር እችላለሁ፤ እውነት ነው። ለቅሶ መድረሱን ይጠይቀኛል። ሳጥኑን እነግረዋለሁ።

«በቀጨኔ እንሂድ» አልኩ።

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። መንገዱ ዳር የሸክላ ሻጮቹ ጀበናና ድስቱን ላስቲክ አልብሰዋል። ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ጠባቧ መንገድ ከምትገባበት ላይ ሽመልስ ቆመ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ብርዱና የዝናቡ ሽታ ገባ።

ጊታር የያዘ ሽማግሌ ለመውረድ የሚፈጅበትን ያህል ጠበቅኩ።

«ጊታሩን እንዳይመታው በሩን ያዢለት» አለ አባቴ።

ያዝኩት።

«ሰላም በልልኝ ቤት!» ብሎ ወደ ውጭ ተጣራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ዝጊው፣ ብርድ ነው» አለኝ።

ዘጋሁት። ጋሽ ጀማል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ጋሽ አሰግድ የፊቱን ወንበር ጀርባ በጣታቸው ሁለት ጊዜ መቱ፤ ሽመልስ ሚኒባሱን አንቀሳቀሰ።

አባቴ መስታወቱን የሸፈነውን ጉም በመዳፉ ጠርጎ፣ ጠባቧ መንገድ እስክትሰወር ድረስ እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩ።