ከሚስ ሩት ጋር ቁጭ እያልን የጨረስነው ሰልፍ

ጠዋት፣ ከኦሮራ

መንገድ እኔን ጠይቁ። ትምህርት ከስድስተኛ አላለፍኩም፤ ግን አዲስ አበባ ወያላ ሆኜ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ሰፈሩን በሙሉ አጭቄ ትራፊክ ፊት በፈገግታ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

የዛሬውን መንገድ ያወጡልኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ አሁን እዚህ አሜሪካ ዳውንታውን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው። ትናንት ያዙኝ።

«ነገ ስለ ሕልሙ የተናገረው የጥቁሩ ሰባኪ ቀን ነው። ሰልፍ አትወጣም?»

«ጋሼ፣ ዕረፍቴ'ኮ ነው። ደግሞ የነሱ በዓል ነው።»

«የነሱ? እነሱ የዚህን አገር በር ባይገፉት አንተ እዚህ ቆመህ ትቀልድ ነበር? እኔን ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ለኔም ተራመድልኝ፣ እስከ መጨረሻው።»

«ለእርስዎማ በሩጫ!»

እናም ሳምቡሳ በፌስታል ይዤ በኮልፋክስ ጎዳና የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ፌስታሉን አጠገቤ ወንበር ላይ እንደ ሰው አስቀመጥኩት። ፓርክ ሂል ፌርማታ ላይ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ከዘራ ይዘው ገቡ። እኔ አስተዳደግ አለኝ፣ ብድግ!

«ኖር!»

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«በሞቴ ይቀመጡ!» በኔ እንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደተረጎምኩት እግዜር ይወቀው። ክንዳቸውንም ያዝኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እናቴ አውቶቡስ ላይ ተነሺ እየተባለች ነው የኖረችው። እኔ ማንንም ማስነሳት አልፈልግም። ፌስታልህን ብታነሳው አብረን እንቀመጥ ነበር።»

እኛ ስንከራከር አንዱ ጎረምሳ ቦታዬ ላይ ቁጭ። እሳቸው ፌስታሌን አቅፈው አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ሰልፉ እስከሚነሳበት እስከ ሲቲ ፓርክ ቆሜ ሄድኩ።

ቀትር፣ ኮልፋክስ ላይ

ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ፀሐዩ ደግሞ ያሾፋል። ከሴትዮዋ ጋር አብረን ወርደን ሰልፉ ውስጥ ገባን፤ ሕዝቡ እየዘመረ ቀደመን። ሴትዮዋ ስማቸው ሚስ ሩት ነው። ያንን የሕልሙን ንግግር በልጅነታቸው በሬዲዮ ሰምተውታል፤ አባታቸው ሲያለቅስ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ አትችይም እያለችኝ ነው የወጣሁት» አሉ። «ዛሬ ካቃተኝ ከእንግዲህ ከቤት አታስወጣኝም።»

ግማሽ ላይ እግራቸው ከዳቸው። ከአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ዘፍ አሉ።

«ልሸከምዎት? እኔ'ኮ ኩንታል ጤፍ ተሸክሜያለሁ።»

«እኔ ጤፍ ነኝ?» አሉ። ጤፍ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። «አንተ መነሳት እንጂ መቀመጥ አታውቅም? ሰባኪው በዚያ ንግግሩ በአንድ ገበታ አብረን እንቀመጥ ነው ያለው።»

ተቀመጥኩ። ሳምቡሳውን ተካፈልን። ቃሪያው ሲያቃጥላቸው ሳቁ። ተነሳን፣ ሄድን፣ ደግሞ ተቀመጥን። የሰልፉ ጫፍ ከዓይናችን ጠፋ፤ ፖሊሶቹ መንገዱን ለመኪና መክፈት ጀመሩ። እኔ ሰው የቀደመኝ ቀን ያመኝ ነበር፤ ዛሬ አላመመኝም።

ሰልፉ የሚያበቃበት አደባባይ ስንደርስ ንግግሩ አልቋል፤ ሁለት ሰዎች የማይክ ገመድ ይጠቀልላሉ። ሚስ ሩት የአደባባዩን ደረጃ በከዘራቸው ኳ አደረጉት፤ ደረስኩ ማለታቸው ነው።

«ለልጄ ፎቶ እልክላታለሁ። አንተም ግባ!» ደረጃው ላይ አብረን ቁጭ ብለን ሰልፊ ተነሳን። እኔ እንደ ሁልጊዜው አምሬያለሁ።

ማታ፣ ወደ ኦሮራ

ሚስ ሩት ፓርክ ሂል ወረዱ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ገቡ። እግሬ ብድግ ሊል ሲል ያዝኩት። ጃኬቴን ከጎኔ አነሳሁና ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩላቸው። ተቀመጡ፤ ትከሻችን ተነካካ። ስንት ዘመን ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥዬ «ጠጋ በሉ!» ስል ኖሬ፣ እኔ ራሴ ለሰው ጠጋ ያልኩት ገና ዛሬ ነው።

ቤት ስገባ ጋሽ ተስፋይ ደወሉ።

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው ጋሼ። በሩጫ ግን አይደለም፤ ቁጭ እያልን። ጉልበትዎ ለዚህ አያንስም፣ በሚቀጥለው ዓመት አብረን ነን።»