በሽንፋ ወንዝ ሸራ የዘረጋንበት ዓመት

ሽንፋ ላይ የጀልባ ክለብ ገብቻለሁ ብዬ ለአዘጋጄ በስልክ ስነግረው «ባሕሩን ከየት አመጣችሁት?» አለኝ።

ባሕር አልነበረንም። የነበረን ወንዝ ነው፤ እሱም በክረምት ብቻ ወንዝ የሚሆን፣ በበጋ ተበጣጥሶ ኩሬ ሆኖ የሚቀር። ጀልባችን ከሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎችና ከወዳደቀ የመኪና ብረት የተሠራች ነበረች። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ተኩስም ጎርፍም ዘግቤ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበትን ጊዜ አላስታውስም። በዚያች ጀልባ ላይ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት ገበሬ ማሳ ነው። ገበሬዋ የእኔ እኩያ ነች። ወላጆቿ ከደጋ ወርደው የሰፈሩ ናቸው፤ አባቷ ሲሞቱ ከወንዙ ማዶ ያለውን የሰሊጥ ማሳ የምታርሰው እሷ ሆነች። ሰሊጥ በቡቃያነቱ አረም አይችልም። ሐምሌ ላይ አራሚ ካልገባበት ይዋጣል። አራሚዎቹ ከደጋ የሚወርዱት የራሳቸውን ዘር ዘርተው ነው፤ እነሱ ሲደርሱ ደግሞ ወንዙ ሞልቷል። ዞሮ የሚሻገረው መንገድም በጭቃ ይዘጋል። ባለፈው ክረምት ሰው ቀጥራ፣ ዱቄትና ሽንኩርት ይዛ ወንዙ ዳር ብትጠብቅ ውኃው አልጎድል አለ። አራሚዎቹ ጥቂት ጠብቀው ወደ ኮኪት እርሻዎች ሄዱ። እሷ ከወዲህ ዳር ቆማ ማሳዋ በአረም ሲዋጥ አየች።

ጥቅምት ላይ ወንድሞቿ ተሰብስበው ቁርጡን ነገሯት። አንድ ዓመት ትሞክር፤ መጪው ክረምትም ሳይታረም ካለፈ የአባታቸው ማሳ ማዶ ሰፈር ሠርቶ ሠራተኛ ለሚያከርም ባለትራክተር ይሰጣል።

ይህን የሰማሁት ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከርከዴ እየጠጣን ነው። እኔ በዚያ ዓመት የድንበሩን ንግድ ለመዘገብ ሽንፋ ቤት ተከራይቼ ነበር። ሐጂ ዱቄቱንም ገመዱንም የሚሸጡ፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያጡ ነጋዴ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ከጦርነቱ ሸሽተው ከካርቱም የመጡ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ። ኡስታዝ እንላቸዋለን። አገራቸው ሳሉ ናይል ዳር ባለ የጀልባ ክለብ ከወጣትነት እስከ ሽበት በሸራ ሲንሳፈፉ ኖረዋል። ገበሬዋ ተናግራ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ሸራ አላችሁ?»

ሐጂ ሳቁ። ሰሊጥ የሚራገፈው በሸራ ላይ ነው፤ ጆንያው የሚሸፈነው በሸራ ነው፤ መኪናውም የሚጠቀለለው በሸራ ነው። «ኡስታዝ፣ እዚህ አገር ሕፃን ሲወለድ እንኳ በሸራ ነው የምንቀበለው» አሉ።

ኡስታዝ ሐሳባቸውን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አሳዩን። ወንዙ ወደ ሱዳን ይወርዳል። የክረምቱ ነፋስ ደግሞ ከሱዳን ይመጣል። ውኃው ጀልባዋን ወደ ታች ሲገፋት ነፋሱ ወደ ላይ ይይዛታል፤ በሁለቱ መካከል ተሻግሮ ማዶ መድረስ ይቻላል።

«ገመድ መወጠር አይቀልም?» አልኩ።

«ወጥረን ነበር» አለች ገበሬዋ። «ጎርፉ ግንድ ይዞ መጥቶ እንደ ክር በጠሰው።»

የነፋሱን ነገር ለማጣራት የመኪና ሾፌሮችንም ሽማግሌዎችንም ጠየቅሁ። ሁሉም ኡስታዝ ያሉትን አሉ፤ ዝናቡም ነፋሱም ከሱዳን ነው። ከዚያ በኋላ የምከራከርበት አልነበረኝም። ኅዳር ላይ ሰሊጡ ተሽጦ ሰው እጁ ሲፈታ ሥራው ተጀመረ። ብረቱን የበየደው ከጎጃም የመጣ፣ ብየዳ ላይ መነጽር የማያደርግ፣ በሳቅ የሚያፈርሰን አንድ ጎልማሳ ነው። ምሰሶውን ከሽመል አቆመ። ገበሬዋ ሸራዋን አመጣች፤ ሐጂ ገመዱን። አምስት ሆንን። እኛ ማኅበር አልነው፣ ኡስታዝ ግን ክለብ ካልተባለ አልቀመጥም አሉ።

ክለብ ደግሞ ሥርዓት አለው። አባላት ከውኃ ሲወጡ አብረው ይበላሉ አሉ ኡስታዝ። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። እኛ ዘንድ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። በሠርግም በለቅሶም አብረን እንውላለን፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ሁለት ድስት ይጣዳል። ሁለት ድስት የሚጥድ ክለብ ሁለት ክለብ ነው። መላ ያመጣው በያጁ ነው።

«ዓሣን ማን ያርደዋል?» አለ።

ሐጂ ገበሬዋን አዩ፤ ገበሬዋም ሐጂን።

«አምባዛ ግን አይሆንም» አለች እሷ። «ቅርፊት የሌለው አልበላም።»

«አምባዛውን ለእኔ ተዪልኝ፣ እህቴ። ለአንቺ ብዬ እበላልሻለሁ» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ማዕዳችን ባለ ቅርፊቱ ዓሣ፣ ቆሮሶ ሆነ። በያጁ ያረጀ የትራክተር ዲስክ አምጥቶ ከሰል ላይ ገለበጠው፤ ዓሣው እዚያ ላይ ይጠበስ ነበር። እንደዚያ የሚጣፍጥ ዓሣ ከባሕር ዳርም አልቀመስኩም።

ጥር ላይ ኩሬው ገና ሰፊ ሳለ ሸራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰቀልን። የበጋው ነፋስ ከደጋው በኩል መጣ። ሸራው አንዴ ሲርገበገብ ገበሬዋ፣ ሐጂና በያጁ በአንድ ጊዜ ዘለው ተጠመጠሙበት። ማንም ማንንም አላዘዘም። ገበሬዋ በጉልበቷ ተጫነችው፤ ሐጂ ጠርዙን ከብረቱ ጋር ቋጠሩት፤ በያጁ እላዩ ላይ ተኛ። ጀልባዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሉ ኡስታዝ።

«ነፋስ መጣ እኮ!» አለች ገበሬዋ።

ለእሷ ነገሩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የደረሰ ሰሊጥ ፍሬውን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው፤ ነፋስ ከቀደመ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል፣ ሸራ ላይ የተራገፈውም ይበተናል። ስለዚህ የቆላ ሰው ሸራ ሲርገበገብ ካየ ምሳውንም ጥሎ ይሮጣል። እኔ ራሴ አርሼ የማላውቀው፣ ቁልቁል ሳይ የሸራውን ጫፍ ጨብጬ ነበር።

«ኸላስ! በቃ! ልቀቁት! ነፋሱ ሊሰርቃችሁ አልመጣም፣ ሊሠራላችሁ ነው የመጣው!» ብለው ጮኹ ኡስታዝ።

ለቀቅን። ሸራው ድው ብሎ ተነፋ፣ ሽመሉ ጮኸ፣ ከእግሬ ሥር ያሉት በርሜሎች ውኃውን ሲሰነጥቁት ተሰማኝ። ሄድን! በያጁ እልል አለ፤ ሐጂ «ያ ሰላም! ያ ሰላም!» እያሉ ቆባቸውን በእጃቸው ያዙ። ማንም ስለ ማቆም አላሰበምና ከማዶው ደንገል ውስጥ ተሰካን። ወጥተን፣ ጀልባዋን ጎትተን፣ ጭቃችንን ሳንጠርግ እንደገና ተሳፈርን። ኩሬውን ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቅም፤ የቆምነው ነፋሱ ስለቆመ ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ዓሣው ቀረ፤ ገበሬዋ በጾም አልነካም አለች። ቅዳሜያችን ግን አልቀረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐጂና ኡስታዝ በቴምር ያፈጥራሉ፤ እኛ ሽሮአችንን ይዘን አጠገባቸው እንቀመጣለን። በያጁ ሁለቱን ጾም አስተያይቶ፣ «እኔ የምጾመው ሰዓቱን ከእኛ፣ ምግቡን ከእናንተ፣ ቀላል ቀላሉን መርጬ ነው» ሲል ገበሬዋ የቴምር ፍሬ ወረወረችበት።

ግንቦት ላይ ኩሬው አለቀ። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቀረች። ኡስታዝ ግን ልምምዱ አይቋረጥም አሉ። በዚያ ቃጠሎ በደረቅ ወንዝ መሐል ተቀምጠን «ሳብ!» ሲሉ እንስባለን፣ «ልቀቅ!» ሲሉ እንለቃለን። ውኃ ሊቀዱ አሸዋ የሚቆፍሩ ሴቶች አላስቀመጡንም።

«እናንተ፣ ደረሳችሁ?»

«ለሱዳን ሰላምታ አድርሱልን!»

«ሐጂ፣ ሲመለሱ ስኳር ይዘውልን ይምጡ!»

ሐጂ ቆመው እጅ ነሡ። ገበሬዋ ግን አልሳቀችም። ገመዱን ይዛ ማዶውን፣ የማሳዋን ዳርቻ ነበር የምታየው። እኔም በዚያን ቀን ክለብነቱን ረስቼ ነገሩን በእሷ ዓይን አየሁት፤ እኛ ከተሳሳትን ቅዳሜያችንን ነው የምናጣው፣ እሷ የአባቷን መሬት።

ሰኔ ላይ ውኃው ከመምጣቱ በፊት ተሻግራ አስዘርታ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ማለዳ የጭነት መኪና ጉዞ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። መኪና አልነበረም። ስንደርስ ወንዙ ቀይ ሆኖ፣ ግንዱን አንከባሎ ይወርዳል፤ ዛፍ ላይ ያሰርናት ጀልባ ተነሥታ ገመዷን እንደ ፈረስ ትስባለች። ሁላችንም እንደ ልጅ ዘለልን። ኡስታዝ ዓይናቸውን አበሱ፤ እኛም እንዳላየን ሆንን።

አራሚዎቹ የመጡት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከወሎም ከጎጃምም የወረዱ፣ ዱላና ብርድ ልብስ የያዙ ስድስት ሰዎች። ታላቅ ወንድሟም በዚያው ቀን መጣ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ዳር ቆመ።

«በዚህ ልትሻገሪ ነው?» አላት በርሜሎቹን እያየ።

«አዎ።»

«እናታችን ትስማ።»

«ንገራት።»

ጠዋት ነፋስ የለም። ዱቄቱን፣ ጨውና ሽንኩርቱን፣ መኮትኮቻዎቹን ጭነን ተቀመጥን። ቀትር አለፈ፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ከአራሚዎቹ አንዱ ኮኪት ሥራ አለ ማለት ጀመረ። ገበሬዋ ሰማችው፤ ፊቷ ጠቆረ። ያን ጊዜ ኡስታዝ እጃቸውን አነሡ። በሱዳን በኩል ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል፤ ከሥሩ አቧራ ይነሣል። ዝናቡ እስኪደርስ ያለችው ነፋስ ለእኛ ናት።

«ያላ!» አሉ።

ኡስታዝ መሪውን ያዙ፤ ገበሬዋ የሸራውን ገመድ፤ እኔና በያጁ መቅዘፊያ። ሐጂ ዳር ቀርተው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ከዳር ስንላቀቅ ወንዙ ያዘንና ወደ ታች ወሰደን። ከታች ገደል የሆነ የሸክላ ዳር አለ፤ እዚያ ከደረስን መውጫ የለም። ቀዘፍን። ምንም ለውጥ የለውም። የወንድሟ ጃንጥላ ወደ ኋላ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ሸራው ተርገበገበ።

ስድስቱ አራሚዎች እንደ አንድ ሰው ዘለው ሸራው ላይ ወደቁ።

እነሱ ልምምድ ላይ አልነበሩም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ሸራ ሲነሣ ይያዛል። አንዱ ጠርዙን ቋጠረው፤ ሁለቱ ተቀመጡበት። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች፣ የዱቄቱ ጆንያ ተንሸራተተ፣ ገደሉ ቀረበ። ኡስታዝ በዐረብኛ ጮኹ፤ በያጁ በጎጃምኛ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ፤ ማን ይስማን።

ገበሬዋ ናት የሚሰሙትን ቃል ያገኘችው።

«ልቀቁት! ሰሊጥ የለበትም! ሰሊጥ እኮ የለበትም!»

እጃቸው በአንዴ ተፈታ። የተቀመጡት ተነሡ። አንደኛው ሸራውን ገልጦ ሥሩን አየ፤ እውነትም ሰሊጥ የለም። ያኔ ሸራው ተነፋ። ድምፁ እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። ገመዱ የገበሬዋን መዳፍ ላጠው፤ አልለቀቀችም። ጀልባዋ መውረዷን አቆመች፤ ለአፍታ በወንዙ መሐል ቆመች፣ ውኃው በዚህ ነፋሱ በዚያ እየገፋት። ከዚያ ወደ ማዶ ገሰገሰች። አፍንጫዋን ወደ ላይ ይዛ፣ አረፋ እየቀደደች፣ ገደሉን ከበስተኋላ ትታ ሄደች! አንድ የወሎ ሰው ማተቡን ጨብጦ ይስቃል። እኔም እየሳቅሁ ነበር። ማረፊያው ጭቃ ላይ ስንወጣ ዝናቡ ደረሰ፤ ዱቄቱን በዚያው ሸራ ጠቀለልነው።

ዝናቡ ሲያባራ ነፋሱ ገና አልሞተም ነበርና እኔ፣ ኡስታዝና በያጁ ተመለስን። ገበሬዋ ማዶ ቀረች። በማግስቱ የቀረውን ዱቄት ስንጭን ታላቅ ወንድሟ ጃንጥላውን አጥፎ መጣ። ማንም ሳይጋብዘው በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ወንዙ መሐል ስንደርስ በሁለት እጁ ብረቱን አጥብቆ ጨበጠ።

ስንደርስ አራሚዎቹ ማሳው ዳር ተደርድረው አጎንብሰዋል። ከኋላቸው ጥቁሩ መሬት ጠርቶ፣ የሰሊጡ ቡቃያ በመስመር በመስመር ቆሟል። ከፊታቸው ገና ብዙ አረም አለ። ገበሬዋ መዳፏን በጨርቅ ጠቅልላ እየኮተኮተች ነበር። ወንድሟን ስታይ ቀና አለች።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ማሳውን ላየው ነው» አላት፣ የጠራውን መሬት እያየ።

ትርፍ መኮትኮቻ አንሥታ ሰጠችው።

«እንግዲያ እያረምክ እይ» አለችው።

ጃንጥላውን እኔ ያዝኩለት። ጎንበስ ብሎ ከእሷ ቀጥሎ ባለው መስመር ገባ።