የመንደራችን ስልክና ያልመጣው መርዶ

የመንደራችንን ስልክ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ እኔ ልሞክረው። ኩባንያ ብዬ ስጠራው የሚስቅ ይሳቅ። አንድ ስልክ፣ አንድ ጠባቂ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላትና ቤይሩት ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ነበረው። አንድ ኩባንያ ከዚህ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው አላውቅም።

ስልኩ ወደ መንደራችን የመጣው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ገመድ አልባ ነበር። የፀሐይ ሰሌዳው የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ ስልኩ ራሱ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ጆንያዎቹ መካከል ተቀመጠ። ስለዚህ ስልክ ያናገረ ሰው ሁሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያ እየሸተተ ነበር የሚወጣው። ጠባቂ የተደረጉት በውትድርና ዘመናቸው የሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። መንደሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ጋሼ ስልክን እንደ ጦር ሜዳ ሬዲዮ ነበር የሚያዩት። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አይወዱም፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰላምታው ካልበዛ ወሬው አልተጀመረም። "ከብቱም ልጁም ጎረቤቱም ደህና ነው፣ ወደ ጉዳይሽ ግቢ" ይሉና ሰዓታቸውን ያያሉ። የአክስቴ ባል አንድ ቀን በዚህ ተቆጥተው "የከብቴን ደህንነት አንተ ምን አውቀህ ትመልሳለህ" አሏቸውና ሁለት ቅዳሜ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ቅዳሜ የምለው የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፤ መጋዘኑም ለስልክ የሚከፈተው ያን ቀን ብቻ ነበር። ከሩቅ የሚደወልለት ሰው በራፉ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ተራው ደርሶ ሲያወራ ደግሞ ሰልፉ በሙሉ ይሰማዋል። በዚያ ቤት ምስጢር ያወራ ሰው አላስታውስም።

ቀስ በቀስ እኛ የመንደሩ ሴቶች አንድ በአንድ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት መምጣት ስንጀምር ስልኩ ዋና ሥራውን አገኘ። ካርድ የምንሞላው እኛ ስለነበርን ባለቤቶቹ እኛ ነን እያልን እንቀልድ ነበር። የቤይሩቱ ቅርንጫፍ የእትዬ ስልክ ነው። እትዬ ከሁላችን ቀድማ የመጣች የመንደራችን ልጅ ናት። ከማዳሟ ቤት ከወጣች ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ጠዋት ጠዋት ጀማይዜ የሚባል ሰፈር ያሉ ባሮችን ታጸዳለች፣ ዶራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ብዙዎቻችን ስልክ እንዳንይዝ በምንከለከልበት ዘመን ጋሼ መልእክቱን ሁሉ ለእሷ ያነቡላት ነበር። እሷ ደብተር ላይ ትጽፍና እሁድ ስንወጣ ለየባለቤቱ ታድለዋለች። ወንድምሽ አገባ፣ ላሚቱ ወለደች፣ አባትሽን ጨጓራው አሞት ተሻለው። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ይነገራል።

መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። ይህ የኩባንያው ዋና ሕግ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልጣሰውም። መንደር ውስጥ ሰው ሲሞት ጋሼ ለእትዬ ብቻ ይነግራሉ። እትዬ የአገር ልጆችን ትሰበስባለች፣ ምግብ ታሠራለች፤ ከዚያ ለባለ ሐዘኗ ማዳሟ ቤት ትደውልና "እሁድ ዶራ ነይ። ምንም የለም፣ ዝም ብለሽ ነይ" ትላታለች። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እኛ ጎህ ሲቀድ የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክከናል፤ ስለዚህ የእኛ መርዶ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እኔም ስንቴ እዚያ ክፍል ተቀምጬ የሌላዋን መምጣት ጠብቄያለሁ። በሩ ተከፍቶ ፊታችንን ስታይ ነው የሚገባት፤ የመናገሩ ነገር ለደንቡ ያህል ነው።

በኋላ ሞባይል መጣና ሁሉም በየእጁ ያዘ። የመጋዘኑ ስልክ አቧራ ለበሰ፤ ጋሼ በዚያው የፀሐይ ሰሌዳ የሰው ሞባይል ቻርጅ ማድረግ ጀመሩ። ኩባንያው ተዘጋ ብለን ነበር።

ከዚያ አገር ቤት በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ጠፋ። ለሳምንት መስሎን ነበር፣ ወራት ሆነው። ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን ባገኙት መኪና፣ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ድረስ እየሄዱ ለእትዬ መደወል ጀመሩ። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ይደውላሉ፣ በተዘጋ ጊዜ ይቀራሉ። በዚሁ መሃል እዚህ ሊባኖስ ጦርነት ተነሳና ቤይሩት ደረሰ። እኔ የምሠራው ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ፣ ባዕብዳ ነው፤ ከማዳሜ በረንዳ ላይ ሆኜ ከታች ከከተማው ጭስ ሲነሳ አያለሁ። እናቴ ሬዲዮ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ደህና ነኝ የምልበት መንገድ አልነበረኝም። እሷም ክረምቱን ታማ እንደከረመች ከሰማሁ ወዲህ ስለ እሷ ምንም አልሰማሁም።

አንድ ሐሙስ ሳህን ሳጥብ እትዬ ደወለች።

"እሁድ ዶራ ነይ" አለችኝ።

"ምን ተገኘ?"

"ምንም የለም። ዝም ብለሽ ነይ።"

ዘጋችው። እናቴ ሞተች ማለት ነው። ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። መልሼ ደውዬ ልጠይቃት እችል ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ካልጠየቅሁ እስከ እሁድ እናት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ፣ አደረቅሁት፣ ደረደርኩት። ከዚያ ሳላስበው መልሼ አወጣሁትና እንደገና አጠብኩት።

ቅዳሜ ሩዙን አሳረርኩት። ማዳሜ ወትሮ ለዚህ ቤቱን ታናውጠው ነበር፤ ያን ቀን ግን ድስቱን ትታ እኔን አየችኝ። "ሹ በኪ?" አለችኝ፤ ምን ሆነሻል ማለቷ ነው። "ማፊ ሺ፣ ማዳም" አልኳት፤ ምንም የለም። እንደ እትዬ መሆኔ ነው። ያንሱን የሚሉትን ሻይ አፍልታ ሰጠችኝና ነገ ጠዋት በጊዜ ሂጂ አለችኝ። በስድስት ዓመት አንድም ቀን ሻይ አፍልታልኝ አታውቅም። እሷም ሰምታለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከየት ልትሰማ እንደምትችል አልጠየቅሁም፤ ሰው እንዲህ ሲሆን የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆንበታል።

እሁድ ጥቁር ሻሽ በቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ። የቫኑ ሹፌር ዘፈን ከፍቶ አብሮ ይዘፍናል። ዶራ እንደ ሁልጊዜዋ ናት፤ ገንዘብ መላኪያዎቹ በር ላይ ሰልፍ፣ ሱቁ በር ላይ በርበሬና ሽሮ የሚገዙ የአገሬ ሴቶች፣ ጥግ ላይ ቆመው የሚሳሳቁ። በሁሉም ተናደድኩ። የእኔ እናት ሞታ እነሱ በርበሬ ያማርጣሉ።

የእትዬ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ በመብራት እጦት ቆሟል። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ የምግቡ ሽታ እስከ ውጭ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ? ሻሼን ፈትቼ ጥቁሩን አሰርኩና ገና ከበራፉ "እናቴን፣ እናቴን" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ።

ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ነጭ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለአንድ አፍታ አፍጥጠው አዩኝ። ቀጥሎ አንዷ ብድግ ብላ "እኔን ይድፋኝ" አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ ሁለተኛዋ ተከተለቻት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። እናቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት ሴት ከማዕዷ አጉርሳኝ ነበር እያለች ሙሾ አወረደች። ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ያዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ማማሰያ እንደያዘች ከምድጃው ጥግ ብቅ አለች።

"ኸላስ፣ በቃ! ማን ነው የሞተው?"

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

"እናቴ ናታ" አልኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"አንቺ።"

"እኔ ምን አልኩሽ?"

"ምንም የለም አልሽኝ።"

እትዬ ማማሰያውን አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች። "ያኒ፣ ማለቴ ምንም ስለሌለ ነዋ" አለች። "ጋሼ ናቸው እናትሽን ይዘው ከተማ የሚመጡት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ያገናኙሻል።"

ሴቶቹ የተሰበሰቡት የየራሳቸውን መልእክት ከጋሼ ሊሰሙ ነበር። ነጠላው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መምጣታቸው ነው፤ ልብ ብዬ ባየው አንዳቸውም አልዘቀዘቁትም። ምግቡ ለእኔ ደስታ ተብሎ የተሠራ ነው። ታዲያ ለምን አለቀሳችሁ አልናቸው፤ "አንቺ ስታለቅሺ የሰማሽው ነገር ያለ መስሎን" አሉ። ሙሾ ያወረደችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች፤ ማቆምም አቃታት።

እኔ ግን እትዬን እንዲህ በቀላሉ አልለቃትም። "ለምን እናትሽ ትደውላለች ብለሽ አትነግሪኝም?"

"ባይደውሉስ?" አለችኝ። "በቀደም ለአንዷ ነግሬያት መንገዱ ተዘጋ። ልጅቱ ይህን ስልክ ታቅፋ ዋለች። ከእንግዲህ ቃል አልገባም ብያለሁ፣ ወላሂ።"

ተቀመጥኩ። ምግብ ቢቀርብልኝም አልበላሁም፤ ስልኩን አያለሁ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጠራ።

"ቤይሩት?" አሉ ጋሼ፣ እንደ ድሮው። "እናትሽ እዚህ ናት። አላምን ብላኛለች። ተናገሪ።"

"እማ?" አልኩ።

"ማን ነሽ?" አለች እናቴ። ድምፁ የእሷ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀብሬው የነበረ ድምፅ ነው።

"እኔ ነኝ፣ እማ። እኔ ነኝ።"

"እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ" አለች፣ ለማታውቀው ሰው እንደሚነገር። "ድካምሽ ይገባኛል። ግን እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ መቼ ነው ያረፈችው?"

እናቴ ያለ ምክንያት አልጠረጠረችም። ሬዲዮው ቤይሩት ተመታ ይላል። ጋሼ ድንገት በሯ ላይ ቆመው "ምንም የለም፣ ከተማ ደርሰን እንምጣ" ይሏታል። መንገድ የሚደግፏት ሁለት ዘመዶች ተጨምረዋል። እኔ ዶራ በደረስኩበት መንገድ እሷም ከተማ ደርሳለች፣ ያውም እያለቀሰች። ከዚህም በላይ ታሪካችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ እዚህ ታማ ስትሞት፣ አባትየው በጠና ታመው ስለነበር፣ ሌላ ልጅ እሷን መስላ አንድ ወር ታናግራቸው ነበር። መንደሩ በኋላ ይህን አውቋል። እናቴ እኔን መስላ የምታናግራትን ሌላ ሴት የምታመሰግን መስሏት ነበር።

የወንድሞቼን ስም ጠራሁላት። የበሬዎቹን ቀለም ነገርኳት። በልጅነቴ የተቃጠልኩበትን ቦታ ነገርኳት።

"ይህን ሁሉ ስታወሩ እሷ ነግራሽ ይሆናል" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "አይዞሽ፣ አልቀየምሽም።"

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። በእርግጥ ከሐሙስ ጀምሮ ሲፈላ የቆየ ነው።

"አንቺ ሴትዮ" አልኳት፣ "መቼ ነው የሰው ቃል የምትሰሚው? እኔ እዚህ ሞተሻል ብዬ ሰፈር አስለቅሼ፣ ጥቁር አስሬ፣ አንቺ ደግሞ በቁሜ ትቀብሪኛለሽ? ሐኪም ሲነግርሽ አትሰሚ፣ ልጅሽ ስትነግርሽ አትሰሚ። ያንን ክኒንም እስካሁን ለሁለት እየሰበርሽ ነው አይደል የምትውጪው? ለማን ነው የምትቆጥቢው? አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን እሺ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?"

እትዬ ቀስ በይ እያለች እጄን ይዛኛለች። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

"እሷ ናት" አለች እናቴ፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገቧ ላሉት። "ተቆጣችኝ። እሷው ናት።"

ከጀርባዋ እልልታ ተሰማ፤ እዚህም ክፍሉ ውስጥ ተቀበሉት። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው የማይወዱት ጋሼ ሰዓታቸውን ረስተው "ተመስገን፣ ተመስገን" ሲሉ ይሰማኛል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይህ አፍሽ የትም አያደርስሽም እያለች ነው ያሳደገችኝ።

"በይ" አለችኝ። "ደግመሽ ተቆጪኝ እስቲ። ልስማሽ።"

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ አንዲት ቃል አልተረፈችኝም። "እማ" ብቻ አልኳት። "ወዬ" አለችኝ። ደግሜ "እማ" አልኳት። "ወዬ" አለችኝ፣ ካርዱ እስኪያልቅ በጠራኋት ቁጥር።