ለኤርሳዶ የተተከለው ድንኳን

ሶዶ ላይ የሚወራውን ካመናችሁ፣ የጌም ቤቱ ሀብታሙ በሩን ዘግቶ፣ ድንኳን አስተክሎ፣ ለአንድ የቴሌቪዥን ጌም ሰውዬ ሐዘን ተቀምጧል። ሰውዬው ኤርሳዶ ይባላል። ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ የሚኖረውም አሮጌ ካሴት ውስጥ ነው። ሀብታሙ ግን ደረቱን እየደቃ አልቅሶለታል፣ ሰልስቱን አውጥቶለታል፣ ለአርባው ደግሞ በሬ ያፈላልጋል። ይህ በመናኸሪያው በኩል ያለው ወሬ ነው። በገበያው በኩል ያለው ወሬ በሬው ታርዶ ቆዳው ጭምር ተሽጧል ይላል።

ወሬ ማጣራት ልማዴ አይደለም። ወሬ ሲያጣሩት የሚቀረው አተላው ነው፤ አተላ ይዞ ደግሞ ካፌ አይገባም። ይህኛውን ግን ገና ከጅምሩ ተጠራጠርኩት። ሐዘን መቀመጥ ይፈልጋላ! ሀብታሙ ደግሞ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም።

ማኪያቶውን የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ አንድ ጊዜ ፉት ይልና መንገዱን አይቶ ይመለሳል። ጸሎት ቤት ከአስተናጋጆቹ ጋር በር ላይ ይቆማል፤ ስብከቱ ሲረዝም አጥሩን ዞሮ ይመጣል። ፀጉር ቤት ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ፣ ቆራጩ ግማሹን ቆርጦ ለቀሪው ቀጠሮ ሰጥቶታል። የግድ ከተቀመጠም ቀኝ ጉልበቱ መርገፍገፍ ይጀምራል። ያ ጉልበት ላይ ጄኔሬተር ቢገጠም ኖሮ ሶዶ መብራት ጠፋ ብላ አታማርርም ነበር።

ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። ባጃጅ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪሞላ መጠበቅ ስላቃተው ባዶውን ሲከንፍ ይውል ነበርና ተወው። ሻንቶ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ሸጠ፤ ገዢው ሸሚዙን ለክቶ ሳይጨርስ እሱ ሌላ ገበያ ሄዶ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ትምህርት ጀመረ፤ መምህሩ «መጀመሪያ ቁጭ በሉ» ሲሉ ወጣ። በመጨረሻ ጌም ቤት ከፈተ። እዚያው ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ በየወሩ ዛሬ ይዘጋዋል ነገ ይዘጋዋል እያለ ቢጠብቅም አልዘጋውም። ያቆየው ኤርሳዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብታሙ ልጅ ሳለ፣ የአክስቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ብዙ ጌም ያለበት ካሴት አመጣለት። መመሪያ የለው፣ ምን የለው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ የየትኛውም ትምህርት ቤት ፊደል አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ታዲያ ምን ያድርጉ? ጌሙ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ራሳቸው ስም አወጡለት። ዋናው ጀግና ብቻ ስም አልነበረውም፤ እሱ «እኔ» ነው። «እኔ ዘለልኩ፣ እኔ ሞትኩ፣ እኔን ስጠኝ፣ ተራህ አልፏል!» ይባል ነበር። ስም የወጣው ለተረሱት ነው። በመኪና ውድድሩ ጥግ ላይ ጨርቅ እያውለበለበች ሁሉም ጥሏት የሚያልፈው ሴትዮ ሳህሊቱ ተባለች። በትግሉ ጌም ማንም የማይመርጠው፣ ተሸንፎ እንኳ ለአሸናፊው እጅ የሚነሳው ወፍራሙ ታጋይ ደግሞ ብሩ ሆነ።

ኤርሳዶ በዝላዩ ጌም ድልድይ ጫፍ ላይ ሸክሙን ተሸክሞ የሚቆመው ሽማግሌ ነው። አይመታም፣ አይሰጥም፣ አይናገርም። ሁሉም በላዩ ዘሎት ይሮጣል። አንድ ቀን የጆይስቲኩ ገመድ ተነቅሎ ሀብታሙ ከአልጋ ሥር ሲርመጠመጥ፣ «እኔ» ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሀብታሙ ቀና ሲል ኤርሳዶ ሸክሙን አውርዷል። ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ወደ ውኃው አንጠለጠለ፤ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ወደ ጎን ጠጋ አለ። ቦታ ለቀቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነጥብም የለው፣ ሽልማትም የለው።

«አስበው እስቲ» ይላል ሀብታሙ፣ ማኪያቶውን ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ። «የሆነ ሩቅ አገር ያለ ሰው ተቀምጦ ይህችን ሠራ። ሁሉም እንደሚሮጥ ያውቃል። ላያየው ይችላል። ግን ሠራው።»

«ኤርሳዶስ ለምን ተባለ?» አልኩት አንዴ።

«ፊቱን አይተህ ሌላ ስም አውጣለታ!»

ሄጄ አየሁት። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ዛሬ ጌም ቤቱ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ በትልልቁ ስክሪን ኳስ ይጫወታል፤ ጩኸቱ ዳሞታ ተራራ ላይ ያለ ጦጣ ያስበረግጋል። ጥግ ላይ ግን ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፤ እዚያ ውስጥ ኤርሳዶ አለ። ሀብታሙ ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ይውልና እዚያ ቴሌቪዥን ፊት ሲደርስ ብቻ ጉልበቱ ጸጥ ይላል።

ሰናይትን ያገኛትም እዚያው ነው። ሰናይት በዴሳ በምትባለው ከተማ የምታስተምር ናት፤ ለክረምት ትምህርት ሶዶ መጥታ ነበር። ወንድሟን ከኳስ ጌም ጎትታ ልታወጣ ገባች፤ ዓይኗ ጥግ ላይ አረፈ።

«ይሄ ሰውዬ ምን እየጠበቀ ነው?» አለች።

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሀብታሙ ጆይስቲኩን ሰጣትና «አንቺ እስክትቆሚ» አላት። ቆመች። ኤርሳዶ ሸክሙን አወረደ፣ ተቀመጠ፣ ጠጋ አለ።

«ለእኔ ነው እንዴ?» አለች ሰናይት።

ከዚያ በኋላ የሀብታሙ ሞተር ወደ በዴሳ የሚወስደውን መንገድ ለብቻው አወቀው። ሽማግሌ ተላከ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው የእድራችን ንብረት ጠባቂ ባዳቾ ነው። አባቷ አቶ ለማ፣ እህል ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጎሳ ጠይቀው፣ ዘር ቆጥረው፣ «እሺ» ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ሳለ ያ ነፋስ መጣ።

ነፋሱ የጌም ቤቱን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። አንዱ ቆርቆሮ ሻንቶ ወድቆ በግ ቆረጠ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከአጥሩ ማዶ ነው ያገኘሁት። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቴሌቪዥኖቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ሀብታሙ ባዳቾ ዘንድ ሮጠ። የእድሩ ድንኳን ከሐዘንና ከሠርግ በቀር እንዳይወጣ ደንቡ ይከለክላል፤ ባዳቾ ግን ልቡ ቶሎ ይራራል።

«ሠርግህ አይቀርም አይደል?» አለ። «ከዛሬ ጀምሬ አበደርኩህ።»

ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሩም አብሮ መጣ። ሀብታሙ ቴሌቪዥኖቹን ከሥሩ አስገብቶ፣ ጣሪያ ሠሪ ፍለጋ በሞተር ተበላ ወደምትባለው ከተማ በረረ። ደንበኛው ቤኒ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ዕቃው እርጥበት ነክቶት እንደሆነ ልሞክር ብሎ አሮጌውን ቴሌቪዥን ከፈተ፤ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጦ ሲጋራ ሊገዛ ወጣ።

እንግዲህ እኛ አገር ድንኳን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ነውር ነው። ነጠላህን አዘቅዝቀህ፣ እያለቀስክ ገብተህ፣ ትቀመጣለህ፤ የሟቹን ማንነት ቀስ ብለህ ከአጠገብህ ትሰማለህ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ገባች፣ አለቀሰች፣ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ እሷን አይታ ገባች። ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ። ሲጋራውን ይዞ የተመለሰው ቤኒ በሰው መካከል መንገድ አጣ። ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ደግሞ፣ ሁልጊዜ የሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል።

«ፎቶው ደብዝዟል» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። «ማን ነበር የእሳቸው ስም?»

ቤኒ ወደ ጠቆመችው አየ። «ኤርሳዶ» አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ሶዶ ነቅላ ወጣች። ከሻንቶ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እያለቀሰ ወረደ፤ ረዳቱም ሒሳብ መቀበሉን ትቶ አብሮ አለቀሰ። አንዲት አልቃሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ኤርሳዶ ደጉ! ሸክሙን ተሸክሞ የኖረው! ማንንም አስቀይሞ የማያውቀው!» አለች። በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ እውነት የነበረው ይኸው ብቻ ነው።

ሀብታሙ ከተበላ ሲመለስ ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ የመንገዱ አቧራ ነው። ከሞተሩ ሳይወርድ ሰው ተጠመጠመበት። «ጌታ ያጽናህ! ጌታ ያጽናህ!» እሱም የአከራዩ ዘመድ የሞተ መስሎት «አሜን፣ አብሮ ያጽናን» አለ። ምን ይበል?

እውነቱ ሲወጣ አንዳንዱ ሳቀ። አብዛኛው ግን አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። «ለጌም ሰውዬ አለቀስን» ከማለት «ሀብታሙ ለጌም ሰውዬ አለቀሰ» ማለት ይቀላል። ወሬው እንዲህ ተወለደ፣ በማግሥቱ ድኾ፣ በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሮ በዴሳ ገባ። አቶ ለማም «ቅዳሜ መጥታችሁ ካላስረዳችሁኝ፣ ነገሩ አበቃ» ብለው ላኩ።

በመንገድ ላይ መከርን። እውነቱን እንዳንናገር፣ ባዳቾ ድንኳኑን ያለ ሐዘን ማውጣቱ ይታወቅና ከእድሩ ይባረራል። «ስለዚህ ኤርሳዶ አጎቱ ነበር እንላለን» አለ ባዳቾ። «የሞተ አጎት ማንን ይጎዳል? ሀብታሙ፣ አንተ ዝም ብቻ በል።» ሀብታሙ በመስኮቱ እያየ ጉልበቱን አንቀጠቀጠ። እሺ ማለቱ መሰለን።

አቶ ለማ ቤት ቁርጥ ከነማባያው ከዳጣ በርበሬ ጋር ቀርቧል። እጃችንን ግን አልዘረጋንም።

«ወንድሞቼ» አሉ አቶ ለማ፣ «ልጁ ለቴሌቪዥን አሻንጉሊት ድንኳን ጣለ አሉኝ። ልቡ ላልረጋ ሰው ልጄን አልሰጥም። እውነቱን ንገሩኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ምን አሻንጉሊት!» አለ ባዳቾ። «ኤርሳዶ አጎቱ ናቸው። የአባቱ ታናሽ ወንድም። በተበላ በኩል ይኖሩ የነበሩ።»

አቶ ለማ ፊታቸው ተለወጠ። «ሰው ሞቶበት ነው? እኔ ደግሞ እንዲህ ስል!» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንጸልይ።» ጸሎቱ ረዘመ። ለኤርሳዶ መበለት መጽናናትን፣ ለኤርሳዶ ልጆች አባትነትን፣ ለኤርሳዶ ከብቶች እረኛን ለመኑ። ከጓዳ አንድ ነገር ፈረጠ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም፤ ድምፁ ግን የሰናይት ነው። የሀብታሙ ጉልበት ጠረጴዛውን እየመታ ዳጣው መደነስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብን። ነገር ግን ውሸት ባዳቾ አፍ ገብቶ ሳይወፍር አይወጣም።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ሲሉት፣ «አይ ጋሼ! ሲነሱ በሩ ይጠባቸዋል! መሬታቸው ከሁምቦ እስከ አባያ ሐይቅ!»

እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። «በቅሎም ነበራቸው» አልኩ።

«ጎሳቸውስ?»

ባዳቾ አቶ ለማን ደስ ሊያሰኝ ፈለገ። «ከእናንተው ናቸዋ ጋሼ! ከእናንተው ጎሳ!»

አቶ ለማ ቀና ብለው አዩን። በወላይታ ከአንድ ጎሳ የተወለዱ ሰዎች በመካከላቸው ሰባት ወንዝ ቢኖር እንኳ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ጎሳ ደግሞ በአባት ነው የሚወረሰው።

«የአባቱ ወንድም የእኛ ጎሳ ከሆነ» አሉ አቶ ለማ በዝግታ፣ «አባቱም የእኛ ነው። ልጁም የእኛ ነው። ፊት የነገራችሁኝ ሌላ ነበር። ልጄን ለወንድሟ ልትድሩብኝ ነው?» ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ሰናይት! ይህን ሳህን አንሺ። ሽምግልናው አልቋል።»

«ጋሼ፣ ሟችን መቀስቀስ ምን አስፈለገን» አለ ባዳቾ፣ ላቡ እየወረደ። «ምናልባት እኮ የጉዲፈቻ ወንድም...»

ሰናይት ወጥታ ሳህኑን አነሳች። ወደ ጓዳ አልተመለሰችም፤ ይዛው ቆመች። ያኔ ነው የሀብታሙ ጉልበት ጸጥ ማለቱን ያየሁት። አግዳሚው ላይ ወደ ጎን ጠጋ አለ፤ ቦታ ለቀቀ።

«ጋሼ ለማ» አለ፣ «አጎት የለኝም። እነዚህ የሚሉት ውሸት ነው።»

«ጎሳውስ?»

«ኤርሳዶ ጎሳ የለውም። የጌም ሰው ነው።»

አቶ ለማ በረጅሙ ተነፈሱ። ሰናይትን በዓይናቸው ሳህኑን መልሺው አሏት። «ታዲያ አሻንጉሊት ሞተብኝ ብለህ ድንኳን ጣልክ? አለቀስክ? በሬ ፈለግህ?»

«ድንኳኑ ለዝናብ ነው ጋሼ፤ ጣሪያዬን ነፋስ ወስዶት። በሬ አልፈለግሁም። ሰልስት አላወጣሁም። አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰስኩም። ለምን አለቅሳለሁ? ኤርሳዶ አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ እንደተቀመጠ ትቼው ነው የመጣሁት።»