ሬሐና የደወለችበት ቁጥር

ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ ጀዋሂርን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ክሩም፣ ገበሩም፣ ዚፑም የሚገዛው ከእሷ ሱቅ ነው። ባሏ ሀሰኖ በሕይወት ሳለ ሱቃቸው መርካቶ ነበር፤ ቦታው ለልማት ሲፈርስ ዕቃቸውን ጭነው እዚህ መጡ፣ ሀሰኖም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ምላሷ እንደሆነ እንደ መቀሷ ነው። ዚፑ ተበላሸብኝ ብሎ ይዞ የመጣን ሰው ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "የተበላሸው ዚፑ ሳይሆን ቦርጭህ ነው" ብላ ትመልሰዋለች። ሰውየውም ስቆ ሌላ ዚፕ ገዝቶ ይሄዳል።

ይቺ ሴት በአንድ ነገር ብቻ ትረታለች፤ በልጇ በሬሐና። ሌላ ልጅ የላትም። ሬሐና አትሂጂ ስትባል እንቢ ብላ አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች ወዲህ፣ በየጁምዓው ትደውል ነበር። ከዚያ አንድ ጁምዓ ቀረች። ቀጥሎም ቀረች። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድምፅዋ ጠፋ። ደላላውን አትጠይቀውም ወይ ትሉ ይሆናል። ደላላ ሰው ካሻገረ በኋላ ስልክ ያነሳል እንዴ! ጀዋሂር ደውላ ደውላ ሲሰለቻት፣ ሱቋ ውስጥ ገበር እየቀደደች ለብቻዋ ማውራት ጀመረች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚሉት አጭበርባሪዎች መስለዋት ልትተወው ነበር፤ ምን እንደታያት እንጃ፣ አነሳችው።

"እማ! እኔ ነኝ! ከሰዎቹ ቤት ወጥቻለሁ፣ ስልኬን ቀምተውኛል፣ ይሄ የሰው ስልክ ነው..."

ከዚያ ተንኮሻኮሸና ተቋረጠ። ጀዋሂር መልሳ ደወለች፣ "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ማስተናገድ አይችሉም" አላት። ደግማ ደጋግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ግን ቁጥሩን አየችውና ልቧ ዘለለ። የአገር ቤት ቁጥር ነው! እንግዲህ ሬሐና አገሯ ገብታለች ማለት ነው። ባዶ እጄን እንዴት እናቴ ፊት እቀርባለሁ ብላ አፍራ አንዱ ጋ ተደብቃለች ማለት ነው። ይህን አሰበችና ሱቋን ዘግታ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ሰበታ ነው፣ የሀሰኖ እህት ቤት። አልመጣችም። በማግስቱ ሱሉልታ፣ አብራት የተማረችው ልጅ ቤት። አልመጣችም። ልጅቷ ከነባሏ ማሉላት፣ ጀዋሂር ግን አላመነችም፣ ጓዳ ድረስ ገብታ መጋረጃ ገልጣ አየች። "ደብቃችኋት ነው! ቆጣ ስለምል ፈርታኝ ነው! አልቆጣም በሏት፣ ወላሂ አልቆጣም!" አለች በሩ ላይ ቆማ። ሰው ቤት ገብቶ መጋረጃ መግለጥ ነውር መሆኑን የማታውቅ ሴት አይደለችም። ግን የአገር ቤት ቁጥር ነዋ! ቁጥር ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

የሚጎበኝ ቤት ሲያልቅባት ወደ ቴሌ ሱቅ ሄደች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሩሃማ የምትባል ልጅ በትሕትና፣ "እናቴ፣ የሰው ስም መናገር አይፈቀድልንም" አለቻት። ጀዋሂር ለመነች። መታወቂያዋን አውጥታ አስቀመጠች። ልጅቷ መታወቂያውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ደግማ መታወቂያውን አየች።

"ይሄ ቁጥር እኮ የእርስዎ ነው" አለቻት።

"የማን?"

"የእርስዎ። በስምዎ ነው የወጣው። ሌሎች ብዙ ሲም ካርዶችም በስምዎ አሉ።"

"አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂብኝ! ልጄ ናት በሱ የደወለችልኝ! ከአረብ አገር የጠፋችው ልጄ!"

ይህን ባትናገር ምን ነበረበት? ሩሃማ ፊቷ ተለዋውጦ ከኋላዋ የተቀመጠውን አለቃዋን ጠራች። ጀዋሂር ግን ያንን አላየችም፣ ወጥታ እየሮጠች ነበር። ሲም ካርዶቹን ማን እንዳስወጣት ትዝ ብሏታል።

ያስወጣት እስራኤል ነው። እስራኤል ጓሮዋ ያለውን ክፍል የተከራየ ወጣት ነው፤ ቁጥብ፣ ሲያያት የሚነሳ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ጀሪካኗን የሚሞላላት። "ማዘር፣ ለድርጅታችን ሠራተኞች ሲም ያስፈልገናል፣ የኔ መታወቂያ የክፍለ ሀገር ስለሆነ እንቢ አሉኝ" ሲላት አብራው ሄዳ ፎቶ ተነስታ፣ አሻራ ሰጥታ አወጣችለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ታዲያ ጀሪካን የሚሞላን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ እንደ ጃርት አንቴና ያቆጠቆጠ ሳጥን አለ፣ መብራቶቹ ይጠቅሳሉ፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል።

"ልጄን እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው የደበቅካት?" አለችና ኮሌታውን ያዘችው።

እስራኤል ሊዋሽ ሞከረ፣ አልቻለም። ተቀመጠና እውነቱን ነገራት። ሳጥኑ ሲም ቦክስ ነው። ከውጭ አገር የሚደወል ስልክ በኢንተርኔት ይመጣና፣ እዚህ ሲደርስ ከሳጥኑ ሲሞች በአንዱ ይወጣል። አገር ቤት ያለው ሰው የሚያየው የሲሙን ቁጥር ነው። ሬሐና አገሯ አልገባችም። አሁንም እዚያው ናት፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ስልክ ሲያውሳት የደወለችው በዚህ በኩል አልፎ ነው።

ጀዋሂር ኮሌታውን ለቀቀችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ የገለጠችውን መጋረጃ አሰበች። "አገሯ የለችማ" አለች።

"የደወለችበት እውነተኛ ቁጥርስ?" አለችው በመጨረሻ።

"ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፣ ግን እያወራችሁ እያለ ብቻ። ስልኩ ሲዘጋ ይጠፋል። ሆን ብለን ነው እንዲጠፋ ያደረግነው፣ ዱካ እንዳይቀር።" አንገቱን ደፋ። "ድጋሚ ከደወለችና በዚህ ካለፈ ያቆይዋትና ይጥሩኝ። አነብልዎታለሁ።"

ቀና ሰው ቢሆን ያኔውኑ ፖሊስ ይጠራ ነበር። ጀዋሂርም ቀና ሰው ነበረች፣ እስከዚያ ቀን። ከዚያ በኋላ ግን የሌባው ዘበኛ ሆነች። ጎረቤቷ ኦቦ ፈቀደ፣ "አካም ጅርታ ጀዋሂር፣ ያ ልጅ ምንድን ነው ሥራው? ቀን ሙሉ አይወጣም" ሲላት፣ "ኮምፒውተር ይማራል፣ ያንተ ልጅ ኳስ ከሚያይ አይሻልም?" ብላ አፉን አስያዘችው። እስራኤልንም ከክፍሉ አታስወጣውም። ምግቡን ራሷ ትወስድለታለች። "ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳን ንገረኝ" አለችው። መብራት ሲጠፋ ከእሱ በላይ የምትረግመው እሷ ነበረች። ቁጥሯን ካገኘሁ ልጄን አገኘሁ ብላለች፣ ሌላ ሐሳብ የላትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የመጡት ጠዋት ነው፤ ፖሊሶችና አንድ መነጽር ያደረገ ባለሙያ። ሩሃማ ጋ የተናገረችው ነበር እየመራ ያመጣቸው፣ መቼም ከራሷ አፍ በቀር ማንም አልጠቆመባት። እስራኤልን በካቴና አስረው ግድግዳ ሥር አስቀመጡት። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፎቶ ያነሳል። ጀዋሂር በሩ ላይ ቆማ፣ "ቤቱ የኔ ነው፣ አዎ፣ ሲሙም በስሜ ነው፣ አዎ" ትላለች። ለሚጠይቋት ሁሉ አዎ ትላለች፣ ዓይኗ ግን ሳጥኑ ላይ ነው።

ስልኳ እጇ ላይ ጮኸ።

"እማ! ስሚኝ አሁን፣ ሰውየው ሊሄድ ነው፣ የምሄድበትን..."

"ቆይ!" ብላ ጮኸች ጀዋሂር። "ቆይ ልጄ፣ እንዳትዘጊው! ቁጥሩን! ቁጥሩን ልያዝ!" ባለሙያው ላይ ተጠመጠመች። "ልጄ ናት! እዚህ ሳጥን ውስጥ ናት አሁን! በአላህ፣ በእናትህ፣ ቁጥሯን አንብብልኝ!"

እስራኤል ከግድግዳው ሥር፣ "እውነቷን ነው፣ አሁን ያለው ጥሪ ላይ እዩላት" አለ።

ባለሙያው ሰው ነበረ፣ ሐቁን መናገር ይገባል። "የእርስዎ ስልክ ስንት ነው?" አላት። ስክሪኑ ላይ ብዙ ጥሪዎች ተደርድረዋል፣ ደዋይ በአንድ ወገን፣ ተቀባይ በሌላው። በጣቱ እየወረደ ፈለገ። የፖሊሶቹ አለቃ ይጮሃል፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ጀዋሂርም ቁጥሩ እንዳያመልጣት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ጆሮዋን ለባለሙያው ሰጠች። እሱ እያነበበ እሷ ትከተለዋለች። ደረቷ ላይ ትንሽ ድምፅ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ሹራቧ ውስጥ ይቀበራል። ባለሙያው አንብቦ ሲጨርስ፣ "ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት።

"በቃ፣ አጥፋው!" አለ አለቃው።

"አንዴ ብቻ፣ እያወራች ነው..." አለ ባለሙያው። አለቃው ግን ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ራሱ ነቀለው። መብራቶቹ ጠፉ።

ጀዋሂር ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። "ይዤዋለሁ የኔ እናት! ቁጥሩን ይዤዋለሁ! ሬሐና?"

ማንም የለም።

ስልኳን ለማስረጃ ብለው ወሰዱባት። ጣቢያ ቃሏን እስክትሰጥ ድረስ ቁጥሩን እንደ ዱዓ ከንፈሯ ላይ እየደጋገመች ዋለች፣ ጠያቂው ፖሊስ ምን እንደምታነበንብ ግራ እስኪገባው። አመሻሹ ላይ ኦቦ ፈቀደ ዋስ ሆኖ አስወጣት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይላታል። ይበል! በሰው ቁስል ላይ ተረት ማን ያቅተዋል? በመታወቂያው ለሰው ሲም የሚያወጣው አገር ምድሩ ነው፣ የተከሰሰችው ግን እሷ ናት።

ጣቢያው በር ላይ ቆማ፣ "ስልክህን አምጣ" አለችው ኦቦ ፈቀደን። ቁጥሩን ከአፏ እየተቀበለ የነካካላት እሱ ነው። ጠራ። አንድ ወንድ አነሳው፣ በአማርኛ።

"እናቷ ነኝ፣" አለች፣ "ዛሬ ጠዋት በስልክህ የደወለችው ልጅ እናት ነኝ።"

"አወቅኋት። እኔ ሾፌር ነኝ እናቴ፣ መንገድ ላይ ለምናኝ ነው ያስደወልኳት። ከዚያ በመጣው መኪና ሄደች። ድጋሚ የማገኛት አይመስለኝም።"

"የት? የት ነው የምትሄደው? ምን አለችህ?"

ሰውየውን ጥያቄው ግራ ያጋባው ይመስላል።

"ለእርስዎ ነገረችዎት እኮ፣" አለ ቀስ ብሎ። "የከተማውን ስም፣ የምታርፍባትን ሴትዮ፣ አንድ በአንድ ስትነግርዎት አጠገቧ ቆሜ ነበር። የእናትና ልጅ ወሬ ነው ብዬ ልብ ብዬ አልያዝኩትም። 'እናቴ ሰምታኛለች፣ ትመጣልኛለች' ብላኝ ደስ ብሏት ነው የሄደችው።"